ሰማያዊዋ ላም

ዛሬም ቢሆን የፈላ ወተት በሸተታት ቁጥር ከሥሩ ሌላ ሽታ ትፈልጋለች፤ ኮምጠጥ ያለ፣ ጉሮሮ የሚከረክር፣ የጨርቅ ማቅለሚያ ሽታ። ሳታገኘው ስትቀር ወተቱ ወተት አይመስላትም። ልጅ ሳለች ወተት ማለት አባቷ ማታ ከፋብሪካ ሲመለስ ከኮቱ ውስጥ፣ ከብብቱ ሥር የሚያወጣው ጠርሙስ ነበር። የደረቱ ሙቀት ገና አልለቀቀውም። ቡሹ ሲነቀል ሁለቱ ሽታዎች አንድ ላይ ይወጡና ቤቱን ይሞሉታል፤ ያን ጊዜ አባቷ መግባቱን የተኛ ሰው እንኳ ያውቃል።

አባትየው ጎልማሳነቱን በሙሉ የጨረሰው በመንግሥት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ማቅለሚያ ክፍል ውስጥ ነው። ቀለም በሚንተከተክባቸው ገንዳዎች አፋፍ ቆሞ ጨርቁን መንከር፣ በረጅም እንጨት ማገላበጥ፣ እንፋሎቱ ፊቱን እየለበለበው ጎትቶ ማውጣት ነበር ሥራው። የተማሪው ዩኒፎርም፣ የሠራተኛው ቱታ፣ የዘበኛው ካፖርት ሁሉ ሰማያዊ በነበረበት በዚያ ዘመን የእሱም ገንዳ ከዓመት እስከ ዓመት ሰማያዊ ነበር። እጁ እስከ ክርኑ፣ የጥፍሩ ሥር፣ የጆሮው እጥፋት ሳይቀር ቀለሙን ጠጥቶ፣ በሳሙናም በአሸዋም ቢፈተግ የማይለቅ ሆነ። በዚህ የተነሣ ስሙ ቀረና ሰማያዊው ተባለ። ለጎረቤቱም ሰማያዊው ነው፣ ለባለሱቁም ሰማያዊው ነው፤ ሚስቱ በስሙ የምትጠራው ስትቆጣው ብቻ ነበር።

ከጎኑ ባለው ገንዳ የሚሠራ አንድ ወዳጅ ነበረው። ከአለቃ ጋር ሳይከራከር የዋለበት ቀን ስለማይገኝ ጠበቃው ይሉታል፤ የረታበት ቀን ግን አይታወስም። ይኸው ጠበቃው ምሳ ሰዓት ላይ የሰማያዊውን እጅ ብድግ ያደርግና ለተሰበሰበው ሰው ያሳያል። እኛ ስንሞት ገና ፍርድ ይጠብቀናል፣ ይህ ሰውዬ ግን ከወዲሁ ሰማያዊ ሆኖ ቁጭ ብሏል ይላል። ሰዉ ይስቃል፤ ሰማያዊው ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ዳቦውን ይቆርሳል።

ዝምተኛ ነበር። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ላይ ዝም ብሎ አያውቅም፤ ከየትኛውም ክፍል ሲወጣ ሳይሰናበት አይወጣም። ሰው ካለ ለሰው፣ ሰው ከሌለ ለቤቱ «ደህና ዋሉ» ይላል። ማታ ከማቅለሚያው ክፍል ሲወጣ ወደ ገንዳዎቹ ዞር ብሎ «ደህና እደሩ» ሳይል በሩን አይዘጋም። ሚስቱ ጠዋት ጠዋት፣ አሁን ደግሞ የምትሰናበተው ወንበሩን ነው እያለች ስትቀልድበት፣ «አብሮን አድሮ የለ?» ይላታል። ልጆቹ ይህን የአባታቸውን ጠባይ ለምደውት፣ በር ላይ ሲደርስ ከአልጋቸው ሆነው ቀድመው ይሰናበቱለት ነበር።

ወተቱ ከየት እንደሚመጣ መጀመሪያ የጠየቀችው እሷ ናት። ታላቅ ወንድሟ እንዲህ ያለ ነገር አያሳስበውም፤ ለእሱ ድርሻው ካልጎደለ በቂ ነው። እሷ ግን ነገር መመርመር ትወድ ነበር። አባቷ ፋብሪካው ላም እንዳለችው ነገራት። የት ነው የምትተኛው አለችው። ከቦይለሩ ጀርባ፣ እዚያ ይሞቃታል አላት። ምን እንደምትመስል ስትጠይቀው ወደ እጁ ተመለከተና ትንሽ አሰበ።

«ሰማያዊ ናት» አላት።

በማግስቱ በትምህርት ቤት የቤት እንስሳ ሣሉ ሲባሉ ሰማያዊ ላም ሣለች። መምህርቷ እንዲህ ያለ ላም በዓለም ላይ የለም ብላ ደብተሯን መለሰችላት። እያለቀሰች ቤት ገባች። አባቷ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ አባበላት፤ ለመምህርቷ የምትነግራትንም አስጠናት። በነጋታው ቆማ፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ «አባቴ ሰማያዊ አባት ካለ ሰማያዊ ላም ምን ያስደንቃል ብሎሻል» አለቻት። መምህርቷ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ሳቀች። ሥዕሉም በክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ቀለሙ እስኪነጣ ከረመ።

እናትየው ወተቱን ለሁለት ስታካፍል ለባሏም ጥቂት ልታስቀርለት ትሞክር ነበር። እሱ ግን እዚያው ጠግቤ መጣሁ ይላል። ኩባያውን በጀርባ እጁ ገፋ ያደርግና፣ ልጆቹ ሲጠጡ ከንፈራቸው ላይ የሚቀረውን ነጭ ጢም እያየ ይቀመጣል።

ነፍስ ካወቀች በኋላ ከቦይለሩ ጀርባ ምንም ላም እንዳልነበረች ተረዳች። ፋብሪካው ለማቅለሚያ ክፍል ሠራተኞች በየቀኑ ወተት ያድል እንደነበርም ሰማች። እንደ ሽልማት ቆጠረችው፤ ሥራው ከባድ ስለሆነ ፋብሪካው ለታታሪ ሠራተኞቹ የሚያደርገው ችሮታ። ለምን እንደሚሰጥ የነገራት ሰው የለም። አባቷም አልነገራት።

ነገሩ ግን ሽልማት አልነበረም። ያኔ እንደሚታመነው ወተት ከገንዳው የሚነሣውን እንፋሎት ከደረት አጥቦ ያወርዳል። ስለዚህ በፋብሪካው የደኅንነት ደንብ ውስጥ ከጓንትና ከአፍንጫ መሸፈኛ ጎን ተጽፎ፣ መከላከያ ተብሎ ነበር የሚታደለው። ሠራተኛው እዚያው፣ አለቃው ፊት ቆሞ መጠጣት አለበት። የተሰጠውን መከላከያ ሳይጠቀምበት ቀርቶ የታመመ ሰው በሥራ ላይ ተጎዳሁ ብሎ መጠየቅ አይችልም ይላል ደንቡ። ሆኖም የማቅለሚያ ክፍል ሰው ሁሉ ልጆች ነበሩት። ሁሉም ጠርሙስ ይዞ ይመጣል፤ ወተቱ ሲቀዳ አለቃው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እሱም ልጆች ነበሩትና።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። ፋብሪካው ወደ ግል ዞረ ተባለ። አጥሩ ቀለም ተቀባ፣ በሩ ላይ አዲስ ሰሌዳ ተሰቀለ። ሠራተኛው ከነቤተሰቡ የሚታከምበት ክሊኒክ የክር መጋዘን ሆነ፤ እናቶች ሕፃናቶቻቸውን የሚያውሉበት ክፍል ፈርሶ መኪና ይቆምበት ጀመር። ወተቱ መጀመሪያ በሳሙና ተተካ። ኋላም ሳሙናው ቀርቶ ግድግዳው ላይ ለጤናዎ ይጠንቀቁ የሚል ትልቅ ጽሑፍ ተለጠፈ። ጠበቃው ጽሑፉን ባየ ቁጥር ኮፍያውን አውልቆ እጅ ይነሣው ነበር፤ የሚታደለን ወተት ይኸው ጽሑፍ ሆኖ ቆመ እያለ።

ሰማያዊው ጡረታ ወጣ። የመንግሥት ጡረታው በትንሹም ቢሆን ሳይጓደል ይደርሰዋል፤ ከእህልና ከቤት ኪራይ ግን አያልፍም። ሚስቱ ሞተች፤ ወንድ ልጁ ራቅ ወዳለ ከተማ ሄዶ ኑሮውን እዚያ አደረገ። አብራው የቀረችው የላሟ መርማሪ ናት። ሳሉም የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር። ቀጥሎ ደረጃ ሲወጣ ሆነ፤ ቀጥሎ ጫማ ሲያስር፤ ኋላ ላይ ደግሞ ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ሲናገር። በመንግሥት ሆስፒታል ያየው ሐኪም ሳንባው ጠባሳ ብቻ መሆኑን ነገራት። ቤቱ ውስጥ የኦክስጅን መሣሪያ ካልተተከለለት ከአልጋ ወደ መስኮት የሚሄድበት ትንፋሽ እንኳ አይቀረውም፤ ሆስፒታሉ ደግሞ ለቤት የሚሆን መሣሪያ የለውም።

እሷ የምትሠራው በአንድ የግል ብስኩት ፋብሪካ፣ ማሸጊያ ክፍል ነው። ድርጅቱ ለሠራተኞቹ የጤና መድን ካርድ ይሰጣል። በካርዱ ላይ ጥገኛ የሚል ቦታ አለ፤ ባል ስላላገባች፣ ልጅም ስላልወለደች ቦታው ባዶውን ነው። አባቷን እንዲያስገቡላት ለመጠየቅ ሠራተኛ አስተዳደር ቢሮ ገባች። የቢሮው ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አዳመጣት፣ ከንፈሩንም መጠጠላት። ሆኖም ጥገኛ ማለት በውሉ መሠረት የትዳር ጓደኛና ልጅ ነው፣ ወላጅ አይጨምርም አላት። ልትወጣ ስትል ሊያጽናናት ብሎ ቀለደ። «አባትሽን ልጄ ነው ብለሽ አታስመዘግቢው ነገር፣ ዕድሜው አያስኬድም» አላት።

ማታ ይህንን ለአባቷ ነገረችው። ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረና ግድግዳ ደግፎ ቆመ። ሲያገግም፣ በፋብሪካው ክሊኒክ ደብተር ላይ የእኔ ጥገኛ አንቺ ነበርሽ፣ አሁን ተራው ሲደርሰኝ ቃሉን አጠበቡት አላት። ሰማያዊው ዕድሜውን ሙሉ የማንም ጥገኛ ሆኖ አያውቅም።

መላውን ያመጣው ጠበቃው ነው። እሱም ይስል ነበር፤ ነገር ግን ደህና ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አፍንጫው ላይ ቀጭን ቱቦ ይዞ የሚስል ሰው ሆኗል። የሕክምና ቦርድ አለ አለው፣ የሥራ ላይ ጉዳትን የሚያይ። ሕመምህ ከማቅለሚያው የመጣ ነው ብሎ ከወሰነልህ ፋብሪካው፣ የግልም ቢሆን የቀድሞውን ዕዳ ተረክቧልና፣ መሣሪያውንም መድኃኒቱንም እስከ ዕለተ ሞትህ ይችላል። እስኪ ተመልከተኝ።

ልጅቱ ወደ ሱቅ ብቅ ስትል ድምፁን ዝቅ አደረገ። አንድ ወጥመድ አለ አለው። ስለ ወተቱ ይጠይቁሃል፤ የፋብሪካው ነገረ ፈጅ ያቺን ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣው። ይህ ዕድሜውን ሙሉ ያልረታ ሰው የረታው እዚያች ጥያቄ ላይ ነበር።

«ልጆቼን ያሳደግሁበትን ወተት እኔ ጠጣሁት ብዬ ወጣሁ» አለው። «አፈር ስሆን ሰማያዊው፣ አንተም ጠጣሁት በል። አንዲት ቃል ናት።»

ጓደኛው ሲሄድ ሰማያዊው በር ድረስ ሸኝቶ ተሰናበተው፤ ተመልሶም አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ቆየ። ልጁ ስትገባ ስለ ቦርዱ ነገራት እንጂ ስለ ወተቱ አልነገራትም። ምን ብሎ ይንገራት? ያ ሁሉ ማታ ከንፈርሽን እየላስሽ የጠጣሽው የእኔ ሳንባ ነበር ይበላት?

በቀጠሮው ቀን ብቻውን ሊሄድ ፈልጎ ነበር። ሥራሽን አትበድዪ፣ እዚያ የሚጠይቁኝ እኔን ነው አላት። እሷ ግን በጄ አላለችም፤ ደረጃው ላይ ማን ይዞህ ልትወጣ ነው ብላ ፈቃድ ጠይቃ አብራው ሄደች። ታክሲ ውስጥ ሳሉ ወደ እሷ ዞር አለ። «ምናልባት ስለ ወተቱ...» ብሎ ጀመረ። ሳል አቋረጠው። ጉሮሮውን አጽድቶ ሲያበቃ ምን ልትል ነበር አባዬ አለችው። ምንም፣ እንዲያው ትዝ አለኝ እንጂ አላት፤ ከዚያ እስኪደርሱ ድረስ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ሲያይ ቆየ።

ክፍሉ ረጅም ጠረጴዛ፣ በክዳን የተሸፈነ የውሃ ጆግና አቧራ የጠጡ የፕላስቲክ አበቦች ነበሩበት። በጠረጴዛው ራስ የቦርዱ ሰብሳቢ፣ ጸጉሯ የሸበተ ሐኪም ተቀምጣለች፤ በቀኟ ሁለት የቦርዱ አባላት አሉ። በግራዋ የፋብሪካው ነገረ ፈጅ አለ፤ ወጣት ነው፣ ልብሱ ንጹሕ፣ አነጋገሩ ትሑት። ሰማያዊው ሲገባ ብድግ ብሎ ወንበር ሳበለት። ሐኪሟ የደረቱን ፎቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ ተመለከተችው፤ አስቀመጠችውና ደግማ አነሣችው። የማቅለሚያ ክፍል ሰው ደረት ብዙ አይቻለሁ፣ ይህ አያከራክርም አለች። ልጅቱ ይህን ስትሰማ ልቧ መለስ አለላት። ከወንበሯ ጫፍ ወደ ኋላ ደገፍ አለች።

ነገረ ፈጁ ፈቃድ ጠይቆ ጥቂት ጥያቄ እንዳለው ተናገረ። ፋብሪካው ወተት ይሰጣችሁ ነበር ወይ አባባ አለ። ይሰጠን ነበር። በየቀኑ? በየቀኑ።

«ይጠጡት ነበር?»

ሰማያዊው ወደ እጆቹ ተመለከተ። ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። ቀለሙ ከዓመታት በኋላ ቢለቅም የጥፍሩ ሥር እንደ ሩቅ ደመና ሰማያዊ ጥላ ቀርቶበታል። አፉን ከፈተ፣ መልሶ ገጠመው።

ልጁ ይህን ዝምታ ታውቀው ነበር፤ ወይም የምታውቀው መሰላት። ስለ ራሱ ደግ ነገር መናገር የሚያሳፍረው ሰው ዝምታ ነው ብላ ተረጎመችው። ዕድሜውን ሙሉ ራሱን አስቀርቶ ኖረ፤ ዛሬ እንኳ በዚህ ክፍል ውስጥ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ይወቁለት እንጂ። ቃሉ ከአፏ አፈትልኮ ወጣ።

«እሱማ ጠብታ ቀምሶ አያውቅም» አለች። «ሁሉንም ለእኛ ነበር የሚያመጣው። እንዳይበርድብን ከብብቱ ሥር ይዞት ነው የሚመጣ። ከቦይለሩ ጀርባ ሰማያዊ ላም አለች እያለ እያታለለን፤ እኔ እንዲያውም ሥያት አስተማሪዬ...»

ፈገግ እንዳለች ቀረች። ነገረ ፈጁ እየጻፈ ነበር። ሐኪሟ ግን መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣዋለች። አባቷ ዓይኑን ጨፍኗል።

ነገረ ፈጁ ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ እንዲያውም ያፈረ ይመስል ነበር። ወተቱ ከእንፋሎቱ እንዲጠብቅ የተሰጠ የደረት መከላከያ እንደነበረ፣ መከላከያውን ያልተጠቀመ ሠራተኛ የጉዳት መብት እንደማይኖረው ደንቡን ጠቅሶ አስረዳ። ልጅቱ ቃሎቹን አንድ በአንድ ሰማቻቸው። ከእንፋሎቱ። የደረት። መከላከያ። ያ የጠርሙስ ቡሽ ጆሮዋ ውስጥ ተነቀለ፤ ሁለቱ ሽታዎች አንድ ላይ መጡባት። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሐኪሟ ወደ ሰማያዊው ጎንበስ አለች። እኔ እንደ ሐኪም ወተት እንፋሎትን ያግዳል ብዬ አላምንም፣ ደንቡን ግን እኔ አልጻፍኩትም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ በር እንደሚከፍትለት ሰው፣ ጠየቀችው።

«ልጅ ነበረች። ልጅ ደግሞ የቤቱን እንጂ የፋብሪካውን አታይም። ምናልባት እርስዎ ድርሻዎን እዚያው ጠጥተው፣ የተረፈውን ይሆናል ያመጡላቸው። እንዲያ ነበር አይደል አባባ?»

ልጅቱ ተንደርድራ ገባችበት። አዎ፣ ልጅ ነበርኩ፣ ምን አውቃለሁ፣ እዚያው ጠግቤ መጣሁ ይል ነበር፣ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ አለች። ድምፁ የራሷ አይመስልም ነበር። የአባቷን እጅጌ ይዛ በላት፣ በላት አባዬ ማለት ብቻ ነበር የቀራት።

ሰማያዊው ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ ልጁን አያት፤ ከነጭ ጢሟ ጋር የሚያያት ይመስል ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞረ። ትንፋሹን ለመሰብሰብ ጊዜ ወሰደበት።

«ታውቃለች» አለ። «ልጄ ያየችውን ነው የተናገረችው። የልጆቼን ወተት ጠጣሁት ብዬ አልወጣም።»

ከዚያ በኋላ የቀረው የወግ ነገር ነበር። ሐኪሟ አጠገቧ የተቀመጡትን አባላት አማከረች። ውሳኔውን ስታነብ ከወረቀቱ ቀና አላለችም፤ ሕመሙ ከሥራው የመጣ መሆኑ ቢታመንም፣ መከላከያውን ባለመጠቀሙ፣ እያለች እስከ መጨረሻው አነበበችው። የሚሉት ካለዎት አለች። ሰማያዊው በሁለት እጁ ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሣ። ልጁም ልትነሣ ስትል ሐኪሟ የውሳኔውን ወረቀት ዘረጋችላት፤ እሷም ምን እንደምታደርግ ጠፍቷት ለመቀበል እጇን ሰደደች።

አባቷ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ። ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ፣ ሦስት አራት ጊዜ እየቆመ፣ በሩ ጋ ደረሰ። እሷ ወረቀቱን እንደያዘች ጠበቀች፤ ነገረ ፈጁም በትሕትና ብድግ ብሎ፣ አጸፋውን ሊመልስ የተዘጋጀ ይመስል ቆመ። ክፍሉ ውስጥ ሰው ነበር፣ ወንበር ነበር፣ ጠረጴዛ ነበር፣ ውሃ ነበር። «ደህና ዋሉ» ሳይል የቀረው ትንፋሹ አጥሮት ይሆን ወይም ሆድ ብሶት፣ ይህን እስከ ዛሬ አልለየችውም። ልጅ ሳለች ከአልጋዋ ሆና እንደምታደርገው ቀድማ ልትሰናበትለት አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣትም።

ሰማያዊው እጀታውን ዞር አደረገና፣ ወደ ኋላው ሳይመለከት፣ ወጣ።